ገብስማ ላባውን እየነጨ ነው፤ እንዴት ልርዳው?

የገብስማ አሳዳጊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ውስጥ ገብስማ የሚባል የ11 ዓመት አፍሪካዊ ግራጫ በቀቀን አለ። ስሙን ያወጡለት እናቴ ናቸው፤ የደረቱ ግራጫ ላባ ዳር ዳሩ ነጣ ያለ ስለሆነ ገና እንዳዩት «ይኼማ ገብስማ ዶሮ ነው» አሉና በዚያው ጸና። እናቴ ልጆቼን ሊያሳድጉልኝ መጥተው አራት ዓመት አብረውን ሲኖሩ፣ እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ስለምንውል፣ ቀኑን ሙሉ ከገብስማ ጋር የሚሆኑት እሳቸው ነበሩ። ረፋድ ላይ ቡናቸውን ከኬጁ አጠገብ ያፈላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጥጥ ሲፈትሉ እሱ አንገቱን አዘንብሎ እንዝርቱ ሲሾር ይመለከታል፤ ምሳቸውን ሲበሉ ደግሞ ሳያጎርሱት አይውሉም ነበር። ባለፈው መስከረም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

በኅዳር ወር በየጠዋቱ ከኬጁ ወለል ላይ የማገኘው ለስላሳ ላባ መብዛቱን አየሁ። ላባ የሚቀይርበት ወቅት ደርሶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በጥር ግን ደረቱ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቦታ ተራቁቶ ሮዝ ቆዳው ወጣ፤ አሁን ሁለቱም ጭኖቹና የግራ ክንፉ ሥር እንደዚያው ሆነዋል። ራሱና ጉንጩ ላይ ያለው ላባ ግን አንድም አልተነካም፤ ቀይ ጭራውም ደህና ነው።

አሮጌ ስልክ እንደ ካሜራ አድርጌ ኬጁ ፊት ለፊት ካቆምኩ በኋላ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ፣ እኛ ከሥራ ከመመለሳችን በፊት፣ አንድ ላባ ይመርጣል፣ ከሥር እስከ ጫፍ በመንቆሩ ያሻዋል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይመነግለዋል። ሲመነግለው ያመዋል፤ ይጮኻል። ከዚያ ላባውን በእግሩ ይዞ አገዳውን እያኘከ፣ በእናቴ ድምፅ «ውይ ልጄን! ውይ ልጄን!» ይላል። ይህንን በ20 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ሲያደርግ ቆጥሬያለሁ።

ቤታችን አቅራቢያ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ወስጄው ነበር፤ ውሻና ድመት በብዛት የሚታከምበት ቦታ ነው። ክንፉን ገልጠው ዐይተው የሚመር ነገር የሚረጭ ጠርሙስ ሰጡኝ። ረጨሁለት፤ የባሰ ነጨ። ሲነጭ ባየነው ቁጥር ሁላችንም «ተው!» እያልን እየሮጥን እንሄዳለን፤ ለጊዜው ያቆማል። ምግቡ ከሱቅ የሚገዛ ቅልቅል ጥሬ ሲሆን እሱ ከመካከሉ ሱፉንና ኦቾሎኒውን ለቅሞ ሌላውን ይጥለዋል፤ ሙዝና ወጥ ያልነካው እንጀራም ይበላል። ኬጁ ከወጥ ቤቱ አጠገብ፣ ሳሎን ውስጥ ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በእናቴ መሄድ አዝኖ ነው ብዬ ማመኔ ትክክል ነውን? የእናቴን ድምፅ ቀድቼ ባሰማው ይጽናናል ወይስ ይብስበታል? ጓደኛ የሚሆነው ሌላ በቀቀን እንድገዛለት የመከሩኝም አሉ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።

ሁለት በቀቀን ያሳደገች፣ ፍራንክፈርት

እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ የራሴን የመጀመሪያ ወፍ ያየሁ ያህል ተሰማኝ። ከ20 ዓመት በላይ ግራጫ በቀቀን ስላሳደግኩ ያየሁትን ልንገርዎ።

ራሱ ላይ ያለው ላባ አለመነካቱ ትልቅ ምልክት ነው። ወፍ በመንቆሩ መላ ሰውነቱን ሲደርስ የገዛ ጭንቅላቱን ግን ሊደርስ አይችልም፤ ስለዚህ ራሱ ደህና ሆኖ ከአንገት በታች ከተራቆተ ነጪው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው። የጭንቅላቱም ላባ ቢረግፍ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሽታ ወይም ሌላ ወፍ በሆነ ነበር። ሁለተኛ፣ ጠዋት ከኬጁ ወለል ላይ ያለውን ላባ አይጥሉት፤ ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ይመልከቱት። ከነሥሩ የወጣ ነው ወይስ መሐሉ ላይ የተቆረጠ? ከነሥሩ የተነጨ ላባ በቦታው አዲስ መብቀል የሚጀምረው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ታኝኮ የተቆረጠው ግን አገዳው ቆዳው ውስጥ ስለሚቀር እስከሚቀጥለው የላባ መቀየሪያ ጊዜ ድረስ ቦታው እንደተራቆተ ይቆያል። ይህንን ባለማወቄ አንዲቱ ወፌ መንጨቷን ካቆመች በኋላ እንኳ «ምንም አልተሻላትም» እያልኩ ወራት አልቅሻለሁ።

ስለ ሐዘኑ። ግራጫ በቀቀን በዱር የሚኖረው በመንጋ ነው፤ ከመንጋው አንዱ ሲጠፋ ያውቃል፤ የእናትዎ መሄድ አልነካውም ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ሐዘን ነው ብለው እዚያው እንዳይቆሙ እለምንዎታለሁ። የእኔ ወፍ መንጨት የጀመረችው ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ከቤት በወጣበት ወር ነበር፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ «ናፍቆት ነው» እያልኩ ሳባብላት ኖርኩ። በመጨረሻ ወፎችን ብቻ የሚያይ ሐኪም ዘንድ ስትመረመር በደሟ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ተገኘ። ከየት እንደመጣ ቤቱን ስንፈትሽ፣ መጋረጃው እንዳይነፍስ ጠርዙ ውስጥ የተሰፋውን የእርሳስ ጥራጥሬ ጨርቁን ቀድዳ ስትለቅም ኖራለች። ልጄ ሲሄድ የእሱ ክፍል ክፍት ሆኖ ስለቀረ ነው መጋረጃው ጋ የደረሰችው። ናፍቆቱም እውነት ነበር፤ እርሳሱም እውነት ነበር።

አሁን ደግሞ ደፍሬ የምጠይቅዎ ነገር አለ። ቡና የሚቆሉት የት ነው? ዕጣንስ ታጨሳላችሁ? ወፍ የምትተነፍሰው እንደ እኛ አይደለም፤ አየሩ በሳንባዋ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ እያለፈ በሰውነቷ ውስጥ ወዳሉት የአየር ከረጢቶች ይገባል፤ ስለዚህ ከአየር ውስጥ ጥሩውንም መጥፎውንም ከእኛ አብልጣ ትስባለች። የቡና ጭስ፣ የከሰል ጭስ፣ የዕጣን ጭስ፣ የሲጋራ ጭስ፣ ሁሉም ሳንባዋንና ቆዳዋን ያስቆጣሉ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ መቁያው ነው። ብረት ምጣድ ከሆነ ደግ፤ ምግብ የማያሲዝ ሽፋን ያለው መጥበሻ ከሆነ ግን፣ በተለምዶ ቴፍሎን የምንለው፣ ባዶውን እሳት ላይ ቆይቶ ከመጠን በላይ ሲግል የሚወጣው ጋዝ ለሰው ምንም ሳይታወቅ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ቡና ደግሞ የሚቆላው በጋለ ደረቅ መጥበሻ ነው። ቡናችሁን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እኔም አፈላለሁ፤ ነገር ግን መቁላቱን በረንዳ ላይ አደርገዋለሁ፣ ዕጣኑንም ወፎቹ በሌሉበት ክፍል በር ዘግቼ ነው የማጨሰው።

ቀጥሎ የሥራ ፈትነት ጉዳይ ነው። ዱር ያለ በቀቀን ከቀኑ ብዙውን ክፍል የሚያሳልፈው ምግብ በመፈለግ፣ ቅርፊት በመላጥ፣ እንጨት በማኘክ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ምግባቸው ሳህን ላይ ስለሚቀርብላቸው በሩብ ሰዓት ጠግበው የቀረውን ቀን ምን እንደሚሠሩበት አያውቁም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ በወጣት አማዞን በቀቀኖች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ምግባቸውን ፈልፍለው እንዲያወጡ የተደረጉትና ኬጃቸው በሚወጡበትና በሚያኝኩት ነገር የበለጸገላቸው ወፎች ላባቸውን መንጨት እንደቀነሱ አሳይቷል። ይህ ውድ ነገር አያስፈልገውም። ምግቡን በሳህን መስጠት ይቀንሱና በወረቀት ጠቅልለው፣ በበቆሎ ሽፋን አስረው፣ ባዶ የካርቶን ጥቅልል ውስጥ ወትፈው በኬጁ ዙሪያ ይስቀሉለት። መጀመሪያ ላይ አያውቅበትም፤ ግማሽ ክፍት አድርገው ያስተምሩት። ምን ጊዜም ላባ አንሥቶ የሚያኝክ ከሆነ፣ አፉ ሥራ እየፈለገ ነው።

«ተው!» የሚለውን ግን ዛሬውኑ ይተዉት። ለእሱ፣ ላባ ሲመነግል መላው ቤተሰብ እየሮጠ ይመጣል ማለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሽልማት የለም። ሲነጭ ዝም ብለው፣ በሰላም ሲጫወት ወይም ካርቶን ሲቀድድ ያኔ ይሂዱለት።

ሌላ በቀቀን መግዛቱን አሁን አይሞክሩት። ሁለቱ የሚዋደዱ ስለመሆናቸው ዋስትና የለም፤ ገብስማ የሚተላለፍ ሕመም ካለበት አዲሱን ይይዘዋል፤ አዲሱም ከእሱ መንጨት ሊማር ይችላል። አንድ ቀን ቢወስኑ እንኳ ኬጅ ውስጥ የተፈለፈለ ስለመሆኑ ወረቀት ይጠይቁ፤ ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀንን ለንግድ ከአገር አገር ማዘዋወር ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ነው።

የግቢው ጽድ፣ አዲስ አበባ

እኔ በቀቀን አሳድጌ አላውቅም፤ ዶሮ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አሳድጌያለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልጨምር። ዶሮ ላባዋን ስትነጭና ቆዳዋ ሲቀላ፣ እናቶቻችን አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅለው ጥግ ላይ ያደርጉላታል፤ እሷም እየተንከባለለች ቅማሏንና ቅንቅኗን ትገላገላለች። የቆሰለውን ቆዳ ደግሞ ለጋ ቅቤ ይቀቡታል። ፌጦም የሚጠቀሙ አሉ። ለገብስማ ይህ ይሠራ ይሆን?

ከዚህ ሌላ የምለው ያየሁትን ነው። በግቢያችን ባለው አሮጌ ጽድና ከጎረቤት ባለው ሾላ ላይ ትናንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ይመጣሉ፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ሴቷ ሁለንተናዋ አረንጓዴ ነው፤ በደጋው አገራችን የሚኖሩ ናቸው። አንድም ቀን ብቻዋን የሆነች አይቼ አላውቅም። ጠዋት እየተንጫጩ ይመጣሉ፣ ፍሬውን እየፈለፈሉ ግማሹን ይጥላሉ፣ ቅርፊት ያኝካሉ፣ ዝናብ ሲመጣ ክንፋቸውን ዘርግተው ይታጠባሉ፣ ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን አንገት ያበጥራል። የፍራንክፈርቷ እህቴ ስለ ሥራ ፈትነት የጻፉትን ሳነብ፣ እነዚህ ወፎች ከማለዳ እስከ ምሽት አንድም ጊዜ አፋቸው ሳይሠራ ቁጭ ብለው አለማየቴ ትዝ አለኝ።

ቢሾፍቱ የተማረ የእንስሳት ሐኪም

ገብስማን ሳልመረምር በሽታውን ልናገር አልችልም፤ የሚጠየቀውንና የሚመረመረውን ግን ማስቀመጥ እችላለሁ።

አስቀድሜ ለግቢው ጽድ በአክብሮት ልመልስ። የአመድ መታጠቢያ ለዶሮ በእርግጥ ይረዳል፤ ዶሮ በተፈጥሮዋ በአቧራ የምትታጠብ ናትና። በቀቀን ግን በውኃ የሚታጠብ ወፍ ነው፤ ግራጫው ደግሞ ከራሱ ላባ የሚረግፍ ነጭ ዱቄት ስላለው ተጨማሪ አቧራ መተንፈስ አያስፈልገውም። ቤት ውስጥ በሚኖር በቀቀን ላይ ቅማልና ቅንቅን የመንጨት ምክንያት ሆነው የሚገኙት ከስንት አንድ ነው። ቅቤን፣ ቫዝሊንን፣ ማንኛውንም ቅባት ፈጽሞ አይቀቡት፤ ላባ ሙቀት የሚይዘው ደረቅና የተነባበረ ሲሆን ነውና የተቀባ ወፍ ይበርደዋል፤ ቅባቱን ሊያጸዳ ሲልም የበለጠ ይነጫል፣ ይውጠዋልም። ፌጦና ሬት የተቆጣ ቆዳ ላይ ማቃጠል ናቸው። የሚመረው ጠርሙስም በዚሁ ምክንያት ይቁም፤ ወፉ ያንን ላባ የሚነጨው ጣፍጦት አይደለምና።

ወፎችን የሚያይ ሐኪም ፈልገው ሲሄዱ የሚከተሉትን ይጠይቁ። የደም ምርመራ፤ በውስጡም የጉበትና የኩላሊት ሁኔታ፣ ካልሲየም፣ እርሳስና ዚንክ። የኩስ ምርመራ ለጥገኛ ተውሳክ። ራጅ፤ ምክንያቱም በአንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚነጭ ወፍ አንዳንድ ጊዜ ከዚያ ቆዳ ሥር የሚያመው ነገር አለና። የመንቆርና የላባ በሽታ የሚባለውን ቫይረስና ቦርናቫይረስን የሚለይ ምርመራ። እንዲሁም ክላሚዲያ ሲታሲ የሚባለው ተሕዋስ፤ ይህኛው ከወፍ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ፣ ከቤተሰቡ ትኩሳትና የማይለቅ ሳል የያዘው ሰው ካለ ለሐኪሙ በቀቀን እንዳለዎት ይንገሩት። ይህ ሁሉ ወጪ እንዳለው አውቃለሁ፤ ሁሉን በአንድ ቀን ማድረግ ካልተቻለ ሐኪሙ ወፉን ዐይቶ ቅደም ተከተል ያወጣል።

የጻፉት አመጋገብ ብቻውን ያሳስበኛል። ሱፍና ኦቾሎኒ እየለቀመ የኖረ ግራጫ በቀቀን ስብ ሲበዛበት ቫይታሚን ኤ እና ካልሲየም ይጎድሉታል። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ቆዳ ይደርቃል፣ ያሳክካል። የካልሲየም ማነስ ደግሞ በዚህ ዝርያ ላይ በተለይ የታወቀ ችግር ነው፤ ሲከፋ መንቀጥቀጥና መውደቅ ያመጣል። ካልሲየሙን ሰውነት እንዲጠቀምበት ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የፀሐይ ብርሃን፤ የመስኮት መስታወት ግን የሚፈለገውን ጨረር ያስቀረዋል፤ ስለዚህ መስኮት ዳር ማስቀመጥ ፀሐይ እንደማሞቅ አይቆጠርም። ለበቀቀን የተዘጋጀ ፔሌት (ተፈጭቶ በእንክብል መልክ የተሠራ ምግብ)፣ ጥቁር አረንጓዴ ጎመን፣ ካሮት፣ ስኳር ድንች፣ ቀይ ቃሪያ ቀስ በቀስ ያስለምዱት። በድንገት ጥሬውን አይከልክሉት፤ አዲሱን ምግብ እንደ ምግብ ስለማይቆጥረው ራሱን ሊያስርብ ይችላል። በየጠዋቱ ከመብላቱ በፊት በወጥ ቤት ሚዛን ላይ አቁመው ግራሙን ይጻፉ፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ካጣ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ወፍ ሕመሟን እስከ መጨረሻው ትደብቃለች፤ ሚዛን ግን አይደብቅም። አቮካዶ፣ ቸኮሌትና ቡና መርዝ ናቸው፤ ከስኒ ሥር የቀረ አተላም ቢሆን።

አሁን ወደ እናትዎ ጉርሻ ልመለስ፤ ምናልባት የነገሩ ቁልፍ ክፍል እዚያ ይሆናል ብዬ ስለማስብ ነው። በበቀቀኖች ዘንድ ለስላሳና ሞቅ ያለ ምግብ ወደ አፍ ማቀበል ጥንዶች የሚያደርጉት ነገር ነው። እናትዎ በእናትነት ያጎርሱታል፤ እሱ ግን እንደ ተጣማሪው ቆጥሯቸው ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ጀርባውንና ክንፉ ሥር የሚደባብሱት ከሆነ ያም ያንኑ ስሜት ያነሣሣል። እንግዲህ ተጣማሪው ሄዳ፣ ሰውነቱ ግን በረጅም የመብራት ሰዓትና በስብ ምግብ ለመራባት እየተቀሰቀሰ ብቻውን ይውላል። ስለዚህ በእሳቸው ምትክ ሌላ ሰው እንዳያጎርሰው፤ መደባበሱም ራሱና አንገቱ ላይ ብቻ ይሁን፤ ከሶፋ ሥርና ከሳጥን ውስጥ እንዲደበቅ አይፈቀድለት፣ የጎጆ ቦታ ይመስለዋልና፤ በየሌሊቱ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ጨለማና ጸጥታ ያግኝ። የተቀዳውን ድምፅ እኔ አልመክርም፤ ይጣራል፣ መልስ አያገኝም። በስልክ በቀጥታ ቢነጋገሩ ግን እሳቸው ይመልሱለታል፤ ያ የተለየ ነገር ነው።

ለሰው የተሠራ መድኃኒት ምንም ዓይነት አይስጡት። ለመንጨት የሚታዘዙ የአእምሮ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚታዘዙት ግን ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ሲያበቃ በሐኪም ክትትል ነው። የአንገት ኮላር (መንቆሩ ሰውነቱን እንዳይደርስ አንገቱ ላይ የሚደረግ መከለያ) የሚያስፈልገው ሥጋውን መብላት ከጀመረና ቁስል ካለ ብቻ ነው፤ ደም ካዩ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይዘው ወዲያውኑ ይውሰዱት።

ሻርጃ ያለች እህት

እኔ የምሠራበት ቤት ውስጥ አሠሪዬ ግራጫ በቀቀን አላቸው፤ ኬጁን የማጸዳውና የምመግበው እኔ ስለሆንኩ ነው የምጽፈው። ሳሎን ውስጥ፣ ቀዝቃዛ አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ በታች ነበር የሚኖረው። ቴሌቪዥኑ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት አይጠፋም፤ በኹር የሚባለው የዓረብ ዕጣን በየቀኑ ይጨሳል። ደረቱ እንደተገነጠለ ትራስ ሆኖ ነበር። እመቤቴ ሐኪም ሲያስመጡ፣ በመጀመሪያ የጠየቀው «የሚተኛው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ነው። መልሱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ልብስ የምተኩስበት ክፍል ውስጥ ትንሽ የመኝታ ኬጅ ተደረገለት። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ወስጄ መብራት አጠፋለሁ፤ ጠዋት ከጸሎቴ በኋላ አወጣዋለሁ። በየሁለት ቀኑ ለብ ያለ ውኃ እንደ ካፊያ ከላዩ እረጫለሁ፤ መጀመሪያ ይሸሽ ነበር፣ አሁን የጠርሙሱን ድምፅ ሲሰማ ክንፉን ይዘረጋል። የቀዝቃዛው አየር ማሽን ክፍሉን በጣም ያደርቀዋል፤ ሐኪሙም ቆዳው የሚያሳክከው በዚህም ጭምር ነው ብሏል። ሜሪላንድ ላይ በክረምት ማሞቂያው እንደዚሁ ያደርቃል ብዬ አስባለሁ። የእርስዎም የጀመረው በኅዳር ነው ብለዋል፤ ማሞቂያ የተከፈተበት ጊዜ አይደለምን? በስምንት ወር ውስጥ ደረቱ ሙሉ በሙሉ ለበሰ። አሠሪዎቼ በበጋ ውጭ አገር ሲሄዱ ግን ጥቂት ይነጫል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ የምበላውም የምጸልየውም እሱ ባለበት ክፍል ነው።

የገብስማ አሳዳጊ

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሼ የምጽፈው የሆነውን ሳልነግራችሁ መቅረት ስለከበደኝ ነው።

ወፎችን ብቻ የምታይ ሐኪም ያገኘሁት በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ ርቃ ነው። አፉን ከፍታ በትንሽ መብራት አሳየችኝ፤ በጤነኛ በቀቀን የላንቃ ቀዳዳ ዳር ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሾል ሾል ብለው የሚታዩት ጥቃቅን ጫፎች በገብስማ ላንቃ ላይ ደንዘው ጠፍተዋል ማለት ይቻላል፤ ይህ ቫይታሚን ኤ ለረጅም ጊዜ ሲጎድል የሚታይ ነው አለችኝ። ካልሲየሙም ዝቅ ብሎ ተገኘ። እርሳስና ዚንክ የለበትም፤ የቫይረሶቹም ምርመራ ነጻ ነው። ለዓመታት ኦቾሎኒውን እየለየ ሲበላ «መራጭ ነው» እያልን በፍቅር የተመለከትነው ነገር ሲጎዳው መኖሩን ማወቅ ቀላል አልሆነልኝም።

ምግቡን ለመለወጥ ሰባት ሳምንት ፈጀብን። ፔሌቱን መንካት የጀመረው እኛ ፊቱ ቆመን እየቆረጠምን ስናሳየው ነው። ጎመኑን በሳህን ስናቀርብለት ወደ ውጭ ይወረውረዋል፤ እርጥቡን ቅጠል እንዳለ ከኬጁ ጣሪያ ላይ አንጠልጥለን ውኃ ስንረጨው ግን መጀመሪያ ራሱን አሻሸበት፣ ከዚያ መብላት ጀመረ። ክብደቱ 431 ግራም ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት 418 ሲደርስ ደንግጬ ደወልኩ፤ ሐኪሟ ጥሬውን ትንሽ እንድመልስለት አደረገች፤ አሁን 440 ላይ ቆሟል። ቡናችን ቅዳሜ ቅዳሜ በጓሮ በር ውጭ ይቆላል፤ የቴፍሎን መጥበሻውንም ወጥ ቤት እንዳይቀር ብዬ ጣልኩት። የሻርጃዋ እህቴ ስለ ማሞቂያው የጻፉት እውነት ነበር፤ ሳሎኑን በእርጥበት መለኪያ ሳየው በክረምት ከ20 በመቶ በታች ወርዶ ነበር፤ አሁን እርጥበት የሚሰጥ መሣሪያ አለው፣ የእሱ መኝታም ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ የታናሽ ልጄ ክፍል ሆኗል።

ከሁሉም የበለጠ የረዳን የ10 ሰዓቱን ጉዳይ መፍታታችን ነው። ትልቋ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወደ ክፍሏ ትገባ ነበር፤ አሁን የቤት ሥራዋን የምትሠራው ከኬጁ አጠገብ ነው። አታወራውም፣ አትደባብሰውም፤ የጨረሰችበትን ወረቀት ግን ጨምድዳ ትሰጠዋለች፤ እሱ ይቀድደዋል። በካሜራው ያ ሰዓት ዛሬ ላባ የሚነጭበት ሳይሆን ወረቀት የሚቀድድበት ሆኗል ብል ማጋነን አይሆንም፤ ምንም እንኳ ልጅቱ የቀረችበት ቀን ሦስት አራት ላባ መልቀሜ ባይቀርም።

ደረቱ ላይ መጀመሪያ እንደ እሾህ ያሉ ጥቁር ሰማያዊ ጫፎች ወጡ፤ በሁለተኛው ሳምንት ሽፋናቸው ተሰንጥቆ ግራጫው ላባ ተገለጠ። እሁድ ዕለት እናቴን በስልክ ስናገኛቸው ካሜራውን ወደ ደረቱ አስጠጋሁት። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ግራ ጭኑስ?» አሉ። ግራ ጭኑ ባዶ ነው። ሐኪሟ የላባው ሥር እዚያ ሳይሞት እንዳልቀረ፣ ምናልባትም ተመልሶ እንደማይለብስ ነግራኛለች፤ ቀጠሯችን በጥቅምት ስለሆነ ያኔ እንደገና ታየዋለች።